ታፔላውን ያነበብን ቀን

«አንቺ ልጅ፣ ዓይኔን ገልጠሽ እግሬን አሰርሽው» አሉኝ እማማ፣ በራችን ላይ ቆመው፣ በቀኝ እጃቸው ባዶ የላም ገመድ ይዘው።

ማለዳ ነበር። ፊቴን እንኳ አልታጠብኩም። እማማ የምላቸው እናቴን አይደለም፤ ተማሪዬን ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከሰሜን ሸዋ ደጋ በሙሽርነት መጥተው ከሩዋንዳ ሰፈር ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ ዳር በአንዲት የጭቃ ቤት የቀሩ፣ ባላቸውን የቀበሩ፣ ሀብታቸው አንዲት ላምና ጥጃዋ የሆነ ሴት ናቸው። ወተቱን በየጠዋቱ በጣሳ እየሰፈሩ ለሰፈራችን ያዳርሱ ነበር። በዚያን ቀንም ድምፃቸውን ስትሰማ እናቴ እንደ ወትሮዋ ዕቃ ይዛ ወጣች። ወተት አልነበረም። ገመድ ብቻ።

ላሚቱ ተይዛለች። የያዟት የመጋዘኑ ዘበኛ ናቸው። እሳቸውም ተማሪዬ ናቸው። ሁለቱንም ማንበብ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ታፔላው ሥር ወስጄ ያቆምኳቸውም እኔው ነኝ። እማማ አልዋሹም።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ነጥብ ያጣሁ ልጅ ነበርኩ። ቤት መቀመጥ አልችልም። አርፈሽ ተቀመጪ ሲሉኝ ግድግዳ የምቧጥጥ ዓይነት ነኝ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው አዲስ ዙር ሲጀመር ቀበሌው ስሜን ጻፈና አስተማሪ አደረገኝ። ፈቃዴን የጠየቀኝ የለም። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ከቤት መውጫ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ባይጠይቁኝም እሄድ ነበር፤ ባለመጠየቃቸው ግን ተናደድኩ። ሁለቱም እውነት ነው።

የምናስተምረው በእድር አዳራሽ ነው። ቆርቆሮው የጋለ፣ አግዳሚው የሚወዛወዝ። ከቦሌ የሚነሳው አውሮፕላን በአናታችን ላይ ሲያልፍ ጠመኔዬን ከሰሌዳው አንስቼ እስኪርቅ እጠብቃለሁ፤ ተማሪዎቼም አፋቸውን እንደከፈቱ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ካቆምንበት ፊደል እንቀጥላለን። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። እማማ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ዘበኛው ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ። ለምን እንደማያወልቁ ስጠይቃቸው የመንግሥት ንብረት ነው፣ ከጠፋ ተጠያቂ ነኝ አሉኝ። ያኔ ሳቅኩ። አሁን አልስቅም።

መጽሐፉ ላይ ያሉትን ቃላት ሁሉም ያውቃቸዋል። ምርት፣ ትግል፣ አንድነት፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሬዲዮ የሚለው ነው። ተማሪዎቼ ማወቅ የፈለጉት ሌላ ነበር። አንድ ቀን ከጎሮ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡና፣ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ነግሬያቸው ብተው ነገሩ እዚያው ባለቀ። እኔ ግን ስሜቴ ተነሳ። ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉንም አስነሥቼ ወደ መንገድ አወጣኋቸው። ፊደል መንገድ ላይ ነው እንጂ አዳራሽ ውስጥ ምን ያደርጋል ብዬ።

የመጀመሪያው ግድግዳ «መሽናት ክልክል ነው» ይል ነበር። ሽማግሌው ራሳቸው ፊደል እየቆጠሩ አነበቡት። ቆይተው፣ እኔ እዚህ ስንት ዓመት ቆሜያለሁ መሰላችሁ አሉ፣ ሁሉም ሳቀ። ቀጥሎ አንድ የብረት በር ላይ «ፎቶግራፍ ማንሳት ክልክል ነው»። በምናችን እናነሳለን አሉ ሴቶቹ። ቀጥሎ «ማለፍ ክልክል ነው»። ቀጥሎ «መኪና ማቆም ክልክል ነው»፤ ከመካከላችን መኪና ያለው ሰው እንዳለ ሁሉ። አራተኛው ላይ ስንደርስ መቁጠር ትተው ነበር። ክልክል ቀላል ቃል ነው፤ ክ እና ል፣ ደግሞ ክ እና ል። ትግልን ለማንበብ ሁለት ሳምንት የፈጀባቸው ሰዎች ክልክልን ከመንገድ ማዶ ሆነው ያውቁት ጀመር።

«ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው፣ «የተፈቀደ ነገር የሚጽፍ ሰው የለም?»

እኔም ማሰብ ጀመርኩ። ከሩዋንዳ ሰፈር እስከ ጎሮ ጫፍ በግድግዳና በበር የተጻፈ ቃል ሁሉ ይኸው አንዱ ነው። ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ሲከለከል የከለከለ ሰው አለ። እናቴ ትከለክለኛለች፤ ፊቷን አያለሁ፣ እከራከራታለሁ፣ አንዳንዴ እረታታለሁ። ግድግዳው ላይ ግን ማን ከለከለ? ማንም። ክልክል ነው፣ በቃ፤ ዝናብ ነው እንደሚባለው። ከዝናብ ጋር ማን ይከራከራል?

በመጨረሻ የመጋዘኑ ግቢ ደረስን። ሰፊ ቦታ ነው። ድሮ የአንድ ነጋዴ ነበር፤ ተወርሶ የመንግሥት ሆነ። ውስጡ የዛገ የውኃ ቧንቧ ክምርና የተሰባበሩ ሣጥኖች አሉ፤ የቀረው ሣር ነው። ወገብ የሚደርስ ሣር። ማንም አያጭደውም። በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ሲደርቅ እሳት ለቀው ያቃጥሉታል፤ ጭሱ ቤታችን ድረስ ይመጣል። እማማ ላማቸውን በአጥሩ ክፍተት አስገብተው ከዚህ ሣር ያበሉ ነበር። በድብቅ አልነበረም። ዘበኛው እያዩ፣ ሰላምታ እየተለዋወጡ፣ አንዳንዴም ላሚቱን ራሳቸው ወደ ለምለሙ በኩል እየነዱላቸው። አምስት ዓመት እንዲህ ኖረዋል።

በሩ ላይ ታፔላ አለ። ዘበኛው አምስት ዓመት ከሥሩ ቆመዋል። የግቢው ስም ይመስላቸው ነበር፤ ሰው ሲጠይቃቸውም የመጋዘኑ ስም ነው ይሉ ነበር። እኔ ሞኟ፣ ጋሼ፣ የእርስዎን ታፔላ እርስዎ ያንብቡልን አልኳቸው። ካፖርታቸውን አስተካከሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በጣታቸው በአየር ላይ እየጠቆሙ፣ ላብ እያጠመቃቸው አነበቡት።

«ያለ ፈቃድ... መግባት... ሣር ማጨድና... ከብት... ማ... ማሰ... ማሰማራት... ክልክል ነው።»

አጨበጨብን። ሁላችንም። እኔም አጨበጨብኩ፤ ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። እማማም ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው አጨበጨቡ። ዘበኛው ግን ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። ታፔላውን አዩ፣ እማማን አዩ፣ መልሰው ታፔላውን አዩ። እኔ ደስታ መስሎኝ ነበር።

ስንመለስ እማማ ከጎኔ ሆነው ይሄዱ ነበር። በእሳቸው አገር ክልክል ማለት መስክ መሆኑን ነገሩኝ። ክረምት ሲገባ አባቶች ተቀምጠው ይመክራሉ፣ መስኩ ይዘጋል፣ ማንም ከብቱን አያስገባም፤ የሀብታሙም የድሃውም። ሣሩ ያድጋል። ቀን ይቆረጣል፤ ቀኑ ሲደርስ ሁሉም እኩል ይገባል። ከዚያ በፊት ያስገባ ይቀጣል፤ የሚቀጣውን ሰው ግን ያውቀዋል፣ ጎረቤቱ ነው።

«ይሄኛውን የዘጋው ማነው?» አሉኝ።

መንግሥት አልኳቸው።

«የሚከፈተውስ መቼ ነው?»

«አይከፈትም እማማ።»

«ታዲያ ምኑን ክልክል ሆነ? የማይከፈት ከሆነማ ቅሚያ ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ።

ከኋላችን የሚመጡት ሴቶች እርምጃቸውን ገታ አደረጉ። እኔም ዞር ብዬ ማን እንደሰማ አየሁ። ከዚያ ስለ ነገው ትምህርት ማውራት ጀመርኩ። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬ እንዲህ ያለ ትርጉም የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ የነገሩኝን ሴት ደግሞ ወሬ አስቀይሬ ዝም አሰኘኋቸው።

ፈተናው መጣ። እማማ ከክፍሉ አንደኛ ወጡ። አልረዳኋቸውም፤ የማይገባውን ሰው የማሞካሽ ሰው እንዳልሆንኩ የሚያውቀኝ ያውቃል። የምስክር ወረቀታቸውን በላስቲክ ሸፍነው ከማርያም ሥዕል ጎን ሰቀሉት። ቀበሌው በሙሉ ከመሃይምነት ነጻ ወጣ ተብሎ ባንዲራ ተሰጠው፣ ስብሰባ ተደረገ። ሊቀመንበሩ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ከእንግዲህ በዚህ ቀበሌ ውስጥ አላውቅም የሚል ሰው አይኖርም አለ። እኔ ምርቃት መስሎኝ ነበር። ማስጠንቀቂያ ነው ለካ።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ነው እማማ ገመዱን ይዘው በራችን ላይ የቆሙት።

ፊቴን ታጠብኩና አብሬያቸው ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ላሚቱ ባሕር ዛፍ ሥር ታስራለች። ዙሪያዋን ሣር ነው፤ ገመዱን ግን እንዳትደርስበት አሳጥረውታል። አንገቷን ትዘረጋለች፣ ሣሩ አፍንጫዋ ሥር ይወዛወዛል፣ አትደርስም። ግቷ አብጦ ተወጥሯል። እማማ ቢያንስ ልለባት ብለው ወደ አጥሩ ሲጠጉ ዘበኛው መሐል ገቡ። ክስ ያለበትን ንብረት መንካት ክልክል ነው ብለው ኃላፊያቸው ነግረዋቸዋል።

«ጋሼ፣ አምስት ዓመት አብራችሁ ያበላችኋት ላም ናት» አልኳቸው።

«አምስት ዓመት መሃይም ነበርኩ፣ አስተማሪዬ» አሉኝ። ሲናገሩ አላፌዙም። ቢያፌዙ ይሻለኝ ነበር። ኃላፊያቸው ምስክር ወረቀታቸውን እንዳዩ፣ አይተውም፣ እንግዲህ ታፔላህን አንብበሃል ማለት ነው እንዳሏቸው ነገሩኝ። ድሮ ቢጠየቁ አላወቅኩም ይሉ ነበር። አሁን ምን ይበሉ? አምስት ልጆች አሏቸው። ለእማማም እንዲሁ ነው አሉኝ፤ ድሮ አላወቅኩም ይሉ ነበር፣ አሁን ምን ይላሉ?

እማማ አልተቆጧቸውም። «አንተ ሰው፣ ገመዱን እንኳ አስረዝምላት» ብቻ ነው ያሏቸው። ዘበኛው መሬት መሬት አዩ። አላስረዘሙም።

ቀበሌ ገባሁ። ሊቀመንበሩ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሲያናግርሽ ወረቀት ያገላብጣል፣ ወረቀቱ ላይ ምንም የለም። ክሱ ደርሶታል። የመጋዘኑ ኃላፊ የጻፈው ነው። ነገሩን የሚያከብደው አንድ ሐረግ መሆኑን አሳየኝ፤ «ማንበብ እየቻሉ፣ ሆነ ብለው» ይላል። ማንበብ የማይችል ሰው ከሆነ ተግሣጽ ነው፣ ከብቱም ይመለስለታል። ማንበብ የሚችል ከሆነ ግን ከብቱ ይወረስና ለሕዝብ እርሻ ይሰጣል። አስተማሪያቸው እኔ ስለሆንኩ ማንበብ አይችሉም ብዬ አንድ ወረቀት ብጽፍ ነገሩ እንደሚያልቅ ነገረኝ፤ ውለታ እንደሚውልልኝ ሰው ፈገግ ብሎ።

«ይችላሉ» አልኩት። «አንደኛ የወጡት እሳቸው ናቸው። የምስክር ወረቀቱን የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያውስ የምስክር ወረቀታቸውን ይለቡት» አለኝ።

በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ለብቻዬ እያወራሁ ነበር የሄድኩት። የሚያልፉኝ ሰዎች ዞረው ያዩኛል። ይህን ሁሉ ያስተማርኩት ለማን ነው? መሃይም ሆነው ሳለ ሣሩ የሁሉም ነበር፤ ሰው ከሰው ጋር ተነጋግሮ፣ ተፋቅሮ፣ ዓይቶ እንዳላየ ሆኖ ይኖር ነበር። አላውቅም የምትል አንዲት ቃል ነበረቻቸው፣ በሷ ይወጡ ይገቡ ነበር። እኔ ሄጄ እሷን ቀማኋቸው። በምትኩ የሰጠኋቸው ክልክልን ነው። ሌላም ብዙ ቃል ሰጥቻቸው ነበር፤ ከተማው ግን የሚጠይቃቸው ያንኑ አንዱን ብቻ ነው።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። አልጽፍም፣ ውሸት አልፈርምም አልኳት። እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«በሰው ላም አትኩሪ» አለችኝ።

ሦስት ቀን ኮራሁ። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ እማማ ቤት ሄድኩ። የጥጃዋ ጩኸት ከመንገዱ ይሰማል፤ ጎረቤቶቹ ጆሯችን ደነቆረ እያሉ ነበር። እማማ በዱቄት የተበጠበጠ ውኃ በጣታቸው እያስጠቧት ነው። ጣታቸውን ትይዛለች፣ ትተፋለች፣ ትጮኻለች። ገና ሳልቀመጥ ተነሡና የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳው አወረዱት። በቀሚሳቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉና ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

«ፊደሉ ከልቤ አይወጣም» አሉኝ። «ወተቱ ግን ከግቷ ይነጥፋል። ጻፊው።»

ደብተሬን አውጥቼ እዚያው ጻፍኩ። ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ግለሰብ ብዬ ጀመርኩ፣ ቀበሌ በሚወደው አጻጻፍ። እማማ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ትንፋሻቸው ጆሮዬ ላይ ነው። «ፈጽሞ ማንበብ እንደማይችሉ» ብዬ ስጽፍ ጣታቸውን አንድ ቃል ላይ አሳረፉ።

«ፈጽሞ የሚለውን ተዪው» አሉ። «አይችሉም ካልሽ ይበቃል። ፈጽሞ አትበይኝ።»

ወረቀቱን ቀደድኩና እንደገና ጻፍኩት፤ በዚያው ቀን ቀበሌ አስገባሁት።

የቀበሌው ሸንጎ በማግስቱ ጠዋት ተሰየመ። ሊቀመንበሩ መሐል ተቀምጧል፤ ግራና ቀኝ ሁለት አባላት አሉ፣ አንዱ ያንቀላፋል። ከጠረጴዛው በላይ ቀበሌው የተሸለመው ባንዲራ ተሰቅሏል። እማማ ታጥበው፣ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡ። ለፈተናው ቀን የለበሱትን ያንኑ። እኔ ጥግ ላይ ቆምኩ።

ዘበኛው የምስክርነት ቃላቸውን ይዘው ቆሙ። ጽፈውት ነበር፤ ራሳቸው፣ በእጃቸው። ጽሑፋቸውን አውቀዋለሁ፣ «ላ»ን እንዴት እንደሚጽፉ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። አንብቡ ተባሉ። ማንበብ ጀመሩ። በዕለቱ በጥበቃ ላይ እያለሁ ይላሉ፣ ያቆማሉ፣ ይቀጥላሉ። ያልፋሉ ብዬ ልቤን ስይዝ እዚያች ቃል ላይ ደረሱ።

«ከብት... ማ... ማሰ...»

አቆሙ። ከላይ ጀመሩት። እንደገና አቆሙ። 

«ማሰማራት» አሉ እማማ፣ በቀስታ፣ ክፍል ውስጥ ጎናቸው የተቀመጠችውን ሴት እንደሚረዱት።

ያንቀላፋ የነበረው አባል ነቃ። ዘበኛው ከወረቀታቸው ቀና ብለው እማማን አዩ። ቃሉ ከወረቀቱ ላይ ነው የተነበበው ወይስ ከሰሙት፣ ማን ይፈርዳል? ግን ሁላችንም ያየነውን አይተናል፤ እማማ አንገታቸውን አስግገው በዘበኛው ክንድ በኩል ወረቀቱን ሲያዩ ነበር። እኔ እጄን አፌ ላይ አደረግኩ። ሊቀመንበሩ ረጅም ሳል ሳለ። ሲጨርስ እንዳልሰማ ሆኖ፣ ይቀጥሉ አለ።

ንባቡ ካለቀ በኋላ የታፔላውን ቃል የገለበጠበትን ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ወደ እማማ ገፋው።

«እናታችን፣ ይሄ ምን ይላል?»

እማማ ወረቀቱን አዩ። ማንበብ የማያውቅ ሰው ወረቀት ሲያይ ሥዕል እንደሚያይ ነው፤ ዓይኑ መሐሉ ላይ ያርፋል፣ እዚያው ይቀራል። ስንት ሰው ፊት ቆሜ ያየሁት ነገር ነው። የእማማ ዓይን ከግራ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ሄደ። መስመሩ ሲያልቅ ተመለሰ። ሁለተኛውን መስመር ጀመረ። መጨረሻው ላይ ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ የትኛው ቃል ላይ እንደደረሱ ከቆምኩበት አወቅኩ።

«አላውቅም ጌታዬ» አሉ።

ቃላቸው በሰፈረበት ወረቀት ላይ ይፈርሙ ተባለ። ሊቀመንበሩ የማህተሙን ቀለም ከፈተ። ስማቸውን ለመጻፍ ሦስት ወር የለፉ ሴት ናቸው፤ የስማቸውን የመጨረሻ ፊደል ጅራት ረዘም አድርገው መሳብ ይወዱ ነበር፤ ደብተራቸው ጀርባ ላይ ያንኑ ፊርማ መልሰው መላልሰው ይለማመዱ ነበር። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩና ወረቀቱ ላይ ተጫኑ። ከዚያ ጣታቸውን ከፊታቸው አንሥተው አዩት፣ የት እንደሚጠርጉት የጠፋቸው ይመስል። በመጨረሻ በበዓል ቀሚሳቸው ጠረጉት።

ላሚቱ ትመለስ፣ ተግሣጽ ይሰጣቸው ተባለ። ተግሣጹን ቆመው ሰሙ። ሊቀመንበሩ ይዘውት የመጡትን የምስክር ወረቀት ከእጃቸው ተቀብሎ ከእነ ላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ከተተና ቆለፈው። እማማ ገመዳቸውን ይዘው ወጡ፤ ዘበኛው ከኋላቸው። በመስኮቱ አየኋቸው፤ ሁለቱም አይነጋገሩም፣ ግን በአንድ መንገድ ነው የሚሄዱት።

እኔ አልወጣሁም። አንድ ነገር መጠየቅ ነበረብኝ። ቀበሌው ከመሃይምነት ነጻ ወጣ ተብሎ በተላከው ሪፖርት ላይ የእማማ ስም አለ፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ አሁን በገዛ ማህተሙ ማንበብ አይችሉም ብሏል። ታዲያ ስማቸው ከሪፖርቱ ይወጣል ወይ አልኩት።

«ሪፖርቱ ሄዷል» አለኝ። «የሄደ ሪፖርት መነካካት ክልክል ነው።»

«ስለዚህ እማማ ማንበብ ይችላሉ ወይስ አይችሉም?»

«ለበላይ አካል ይችላሉ። ለዚህ ሸንጎ አይችሉም።» ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ከዚያ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ቀና አለ። «እንዲያውም ጥሩ አስታወስሽኝ፣ ጓዲት። ለሚቀጥለው ዙር አዲስ ተማሪ አጥሮናል። እሳቸውን ከመጀመሪያው መዝግቢያቸው። ሰኞ ትጀምሪያለሽ።»

ከጠረጴዛው ሥር አዲስ የጠመኔ ካርቶን አወጣና ሰጠኝ። ተቀበልኩት። ከባድ ነበር፤ ገና አልተከፈተም። ከበላዩ ያለውን ባንዲራ አየሁ፣ የተቆለፈውን መሳቢያ አየሁ። ካርቶኑን የእማማ አሻራ ያለበት ወረቀት ላይ አስቀመጥኩና በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ።